«ሰላም ነው» ማለት ክልክል ነው

የወታደር ሚስት ስልጠና ያስፈልጋታል ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው እቃ ስጠቀልልና ስፈታ የኖርኩ ሴት ነኝ። በስፌት መኪናዬ የስንቱን ወታደር ሱሪ አሳጥሬያለሁ፣ የስንቱን ማዕረግ ሰፍቻለሁ። አሁን ደግሞ ማን መጥቶ ነው ስለ ወታደር ቤት የሚያስተምረኝ? ባሌ ግን «ትእዛዝ ነው። ለግዳጅ የሚወጣ ሁሉ ከነሚስቱ ይሰልጥን ተብሏል» አለኝ፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ።

ካለፈው ግዳጅ ከተመለሰ አራት ወር ሆኖታል። አስራ አንድ ወር ሙሉ የጠበቅኩት ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣልኝ። አይቆጣም፣ አያጉረመርምም፣ አድርግ ያልኩትን ያደርጋል፤ ብቻ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። የአምስት ዓመት ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማድረስ እንኳን «ላድርሳት?» ብሎ ያስፈቅደኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ሊሄድ ነው። እኔም ቆርጫለሁ። እሱ እንደወጣ ልጄንና የስፌት መኪናዬን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ፣ ትዳሩም በዚያው ያበቃል። ስልጠናው ሲያልቅ ልነግረው ነገሩን በሆዴ ይዤ ነበር።

ስልጠናው የሦስት ቀን ነው፣ በካምፑ አዳራሽ፣ ጠዋት ጠዋት። አሰልጣኛችን የጡረተኛ መኮንን ሚስት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ካምፕ ውስጥ ኖረዋል። ድምፅ ማጉያ ስለማያስፈልጋቸው «ማይክ» ብለን ስም አወጣንላቸው። በመጀመሪያው ቀን ባሎቹን አንድ በአንድ አስነስተው የልጆቻችሁ የክትባት ካርድ የት ነው፣ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ሚስትህ ለማን ትደውላለች እያሉ አፋጠጧቸው። አንድ መቶ አለቃ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ተጠይቆ ሰረቅ አድርጎ ሚስቱን ሲያይ «ወደ ፊት እይ!» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ጀርባ ለጀርባ ደርድረው ጠበቁን። ሰሌዳው ላይ «ሰላም ነው ማለት ክልክል ነው» ብለው ጽፈዋል።

«ባልሽ ግዳጅ ላይ ነው፣ ደውሏል» አሉ ማይክ። «አምስት ደቂቃ አላችሁ። ባለፈው ግዳጅ ሳትነጋገሩት የቀረ አንድ ነገር ትነጋገራላችሁ። መዞር የለም፣ ስልክ ላይ ፊት አይታይም።»

ሁሉም ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ስለጀመረ አዳራሹ ገበያ መሰለ። 

«ሃሎ፣ እንዴት ናችሁ?» አለ ባሌ ከጀርባዬ።

«ሰላም…» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ማይክ በአጠገቤ ሲያልፉ።

ምን ልንገረው? ባለፈው ግዳጅ የደበቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ለዚያውም የምኮራበት። ገና ሙሽራ ሆኜ መጀመሪያው ካምፕ ስገባ ትልልቆቹ ሚስቶች፣ ግዳጅ ላይ ላለ ሰው የቤት ጣጣ አይነገርም፣ ሐሳብ የገባው ወታደር ፊቱ ያለውን አያይም ብለው መክረውኛል። እኔም ምክሩን ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«በሄድክ በአራተኛው ወር ልጅቷ የሳንባ ምች ይዟት ነበር» አልኩ። «ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፣ በኦክስጅን። እሑድ ደውለህ ስለ እሷ ስትጠይቀኝ ‹ተኝታለች፣ ሁሉ ሰላም ነው› ያልኩህ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ልዞር ስል የማይክ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አብሮኝ ግዳጅ ላይ የነበረው የጎረቤታችን ባል። ሚስቱ በነጋታው ነግራው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። ሰባት ወር ሙሉ ጠበቅኩሽ።»

«ታዲያ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ልጄ እስክሪብቶ እንደጠፋባት እንኳን ሳትነግሪኝ ሁሉን ተወጥተሽው ምን ልጠይቅሽ? ቤቱ ያለ እኔም ይሄዳል ማለት ነው አልኩ። ለአሁኑ ግዳጅም ተመድቤ አይደለም። ፈቃደኛ ማነው ሲሉ እጄን አውጥቼ ነው።»

መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ ቀጥሎ አንጀቴን በላው።

«ተወጣሽው አልክ?» አልኩት። «ስልኩን እንደዘጋህ ኮሪደሩ ላይ ተዘርፍጬ ነበር ያለቀስኩት። ነርሷ መጥታ አነሳችኝ። ይሄንንም ስማ፤ ስትሄድ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ልገባ ነበር። ለእኔም አንተ እንደሌለህ ሆነህብኝ ነው።»

ወንበሩ በጀርባዬ በኩል ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ባሌ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ሌሎቹ ተነሱ፣ እኛ ግን መነሳት አቃተን።

ማይክ ወደ እኛ መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ግዳጅ ላይ ላለ ሰው የቤት ጣጣ አይነገርም እያልኩ ወጣት ሚስቶችን ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ» አሉ። «ስህተት መሆኑ የገባኝ ባሌ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲገባ ነው። የምናወራው ነገር አጣን።» ድምፃቸው ዝቅ ብሎ በጭንቅ ነው የሰማኋቸው።

ስሙ ተላልፏልና ግዳጁ አልቀረም። በሚሄድበት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ቁርጡን ነገርኩት፤ «እስከ መጀመሪያው እሑድ እዚሁ እጠብቃለሁ። ደውለህ ሰላም ነው ብቻ ካልከኝ ግን እቃዬን እጠቀልላለሁ።» እሱም «አንቺም እንዳትዪኝ» አለ። ጥፋቱ የሁለታችን መሆኑን ማመን ባልወድም ልክ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁት።

«እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል» አለ ገና ሃሎ ሳልል። «ደግሞ ትናንት በጣም ፈርቼ ነበር። ምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።»

እንዲህ ያለ ወሬ ሰምታ ደስ የሚላት ሚስት ካለች እኔ ነኝ። ተራው የእኔ ሆነ።

«ልጅህ ከሄድክ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች» አልኩት። «‹እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እማዬም ትጠፋለች› ትላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ከረሜላ ገዛሁላት፣ ወይ ፍንክች። ምን ላድርግ?»



«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» አለ።

«አባቷ አንተ አይደለህ? ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ላስብበት።»

ያን ያህል ርቆ ሳለ፣ ድምፁ ቤቱ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። እሱ አሰበ፣ እኔም ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ።