ሰፈሩ ሁሉ ሲዘጋ

ቲመንና ጓደኛው ሪንሰ የአጭበርባሪዎችን ኢሜይል የሚያግድ ዝርዝር ያለ ደመወዝ ያዘጋጃሉ። ዝርዝራቸው ላይ ከሰፈረ አድራሻ የሚመጣን መልእክት ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ የአካባቢው ሆስፒታልም ጭምር፣ አይቀበሉም።

አሠራራቸው ጠንካራ ነበር። የኢንተርኔት አቅራቢው አጭበርባሪ ደንበኛውን እንዲያባርር ይነገረዋል። ገንዘቡ ጣፍጦት ዝም ካለ፣ በአጭበርባሪው ዙሪያ ያሉ አድራሻዎች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ንጹሐኑ ይጮሃሉ፣ አቅራቢው ይጨንቀዋል። በዚያ ሰሞን አንድ አቅራቢ አሻፈረኝ ስላለ ቲመን በገዛ እጁ ያንን የአድራሻ ሰፈር ሁሉ ዘጋው። አቤት ያለ አልነበረም። ተበዳይ ቢኖር ይጮህ ነበር ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሂንከ እጁን ያዘችው። ዶኩም ከተማ ውስጥ፣ መዳን የማይችሉ ሕሙማን እስኪያርፉ የሚታገዙበትን ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት።

«አንተ የኮምፒውተር ሊቅ፣ ኢሜይሌ ምን ነካው? ለሆስፒታሉ ‹ክፍል አለን፣ በሽተኛውን ሃርመንን አምጡት› ብዬ ባለፈው ሳምንት አርብ ማታ ጻፍኩ። ተመልሶብኛል፤ ያየሁት ግን ሰኞ ነው።»

«አልደወልሽም?»

«ደወልኩ እንጂ! ‹ዝም ስትሉን ሄረንፌን ከተማ ወዳለ ሌላ ቤት ላክነው› አሉኝ። እንደዚያ የደከመ ሰው ደግሞ ወዲያ ወዲህ አይንገላታም። ሚስቱ ሲትስከ ምስኪን፣ እኛ ጋ ቢሆን በብስክሌቷ ብቅ ትል ነበር። እዚያ ድረስ በምን ትሂድ?»

የተመለሰውን መልእክት አትማ ይዛ ነበር። ቲመን የራሳቸውን ዝርዝር ስም አነበበ፤ አድራሻዋ እሱ የዘጋው ሰፈር ውስጥ ነበር።

«አቤቱታ ካለሽ እዚህ ጻፊ ይላል። ጻፍኩ፤ እሱም ተመለሰ! ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው?»

የቲመን ጆሮ ጋለ። የአቤቱታውን ሳጥን ቆሻሻ እንዳይሞላው ብሎ በዚያው ዝርዝር ያስጠበቀው ራሱ ነው። ለካስ የዘጋባቸው ሰዎች ጩኸት እሱ ጋ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

«አስተካክለዋለሁ» አላት።

«ተባረክ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ያን ዕለት የሂንከን ቤት አድራሻ ከእገዳው አወጣ። ሪንሰ ተቆጣ።

«ዛሬ አንዷን ካወጣህ ነገ ሁሉም እናቴ ታመመች ይልሃል። አቅራቢውን ከፍለው የሚያኖሩት እነሱ ደንበኞቹ አይደሉ? ይቀይሩት!»

«ጎረቤቷ አጭበርባሪ መሆኑን በምን ታውቃለች?»

«ይኸው አወቀች።»

ከማግስቱ ጀምሮ ቲመን ከሥራ ሲወጣ ሲትስከን በመኪናው ሄረንፌን ያደርሳት ጀመር። አሮጊቷ ከቦርሳዋ ሚንት ከረሜላ እያወጣች ትሰጠዋለች።

«ሃርመን መስኮቱን አልወደደውም» አለች አንድ ቀን። «ጀልባ አያልፍበትም። አንተ ግን ልጄ፣ እንዲህ የምትደክምልን ምን አድርገንልህ ነው?»

ከረሜላው አፉ ውስጥ መረረው። «እማማ፣ የሂንከ መልእክት እንዳይደርስ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለና ሁሉንም ነገራት።

ሲትስከ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ሌባው ተባረረ?»

«አልተባረረም።»

«በሩንስ ከፈትከው?»

«ለሂንከ ቤት ከፍቻለሁ።»

«ለሂንከ ብቻ? እኔን የምታመላልሰኝ እንግዲህ ሂንከ ስለምታውቅህ ነው። አንተን የማያውቁትን ማን ያመላልሳቸው?»

ቲመን ነዳጅ ማደያ ጋ አቆመና ወርዶ ለሪንሰ ደወለ።

«ሰፈሩን ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ። አጭበርባሪው ብቻ እንደተዘጋ ይቆይ።»

«ነገ ከጎን ሌላ አድራሻ ይሰጡታል! የስንቷን አሮጊት ገንዘብ እንደሚበላ አስበኸዋል?»

«አስቤዋለሁ።»

«ያኔ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?»

ቲመን ስልኩን ዘጋ። አምላኬ ይቅር በለኝ አለ በልቡ፤ መዝጋቱን ይሁን መክፈቱን ይቅር እንዲለው ግን ለይቶ አልጠራም። ወደ መኪናው ተመለሰ።

«ቶሎ በል» አለች ሲትስከ ፊት ለፊቷን እያየች። «ሃርመን ይጠብቀኛል።»

እስኪደርሱ ከረሜላ አልሰጠችውም።