ለባሕር የተሰጠ አምባር

ከንጋት ጀምሮ የዓሣ ቅርጫት በራሷ ላይ ተሸክማ ስትዞር የዋለች ሴት፣ ባሕር ዳርቻ ልሸራሸር አትልም። የሱጋንዳ አማት ሳኩባይ ግን ደከመኝ ቢሏቸው የሚሰሙ ሴት አይደሉም።

«ፈጠን በዪ እንጂ! አሮጊቷ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እማማ፣ ዛሬ እግሬ የኔ አይደለም።»

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ? ነይ!»

ባሕሩ ሸሽቶ ረግቷል። ባሕሩ መሐል ያለውን አሮጌ ምሽግ ያዩ ጎብኚዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ በእርጥቡ አሸዋ ላይ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። ሱጋንዳ ይህን ጸጥታ አትወደውም። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏን ዳሙን ከነጀልባው የዋጠው ይኸው ባሕር ነው። ሬሳው አልተገኘም። ሳኩባይም «ልጄ ይመጣል» እንዳሉ ስለቀሩ፣ ለቅሶ የተቀመጠ የለም፤ እሷም ሚስትም መበለትም ሳትሆን ቀረች። አሁን ደግሞ ወንድሟ ሚስቱ የሞተችበት አንድ መረብ ሠሪ አግኝቶላት፣ ነገ መልስሽን ንገሪኝ ብሏል። ለአማቷ በምን አፏ ትንገራቸው? መደበቁም ራሱ አድክሟታል።

ሳኩባይ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ ቆሙ።

«ቀኝ እጅሽን አምጪ።»

በነሱ፣ በኮሊ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ፣ ሙሽራ የቀኝ እጇን አምባር ለባሕር ትሰጣለች፤ ባሕሩም ባሏን ይጠብቅላታል። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጇ ባዶ ነው። ሱጋንዳም የሰጠችው እዚሁ፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት ነበር። አሮጊቷ ሌላ ስእለት ሊያስገቧት መስሏት ልቧ ወደቀ። እሳቸው ግን ከጉያቸው ሁለት አረንጓዴ የመስታወት አምባሮች አወጡ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ባሕሩ ቃሉን በላ። አንቺ ብቻሽን ምን ታደርጊ? መረብ ሠሪውን እሺ በዪው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ዓሣ ገበያ ምስጢር ያድራል ብለሽ ነው? ሞኝ!»

ቅርጫት ያሳበጠው እጇ አላስገባ አለ። ሳኩባይ በባሕር ውኃ አርሰው ሲገፉ፣ የመጀመሪያው አምባር ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ሁለቱም ደነገጡ። በነሱ ዘንድ የሴት አምባር የሚሰበረው ባሏ ሲሞት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳኩባይ የሱጋንዳን አምባር ማንም እንዳይሰብር የከለከሉት ለዚሁ ነበር።

አሮጊቷ ስብርባሪውን ትንሽ አዩት።

«ይሄ ለዳሙ ይሁን» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ሞቷል።»

ከዚያ ዓይናቸውን ሳይጠርጉ፣ ሁለተኛውን አምባር በቀኝ እጇ ላይ መግፋት ጀመሩ።