ማያ ለመምህሯ የነገረቻት

በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲንኳኳ ተናኘ የልጇን ትከሻ ጨምድዳ ይዛ ነበር።

"ዋሽቼ ነው ትያለሽ። ሰማሽኝ?"

"ግን አልዋሸሁም፣ ማሚ" አለች ማያ በእንግሊዝኛ።

የስምንት ዓመቷ ማያ ጠዋት ለመምህሯ "እናቴ እገልሻለሁ ትለኛለች፤ ትመታኛለች" ብላ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደወለ። አሁን የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በባዕድ አገር ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። የተናኘ የአክስት ልጅ ጽጌ ደግሞ "ካጂ! ካመንሽ ልጅሽን ይዘዋት ነው የሚሄዱት" ብላ በስልክ ወገቧን ቆርጣታለች።

ሴትየዋ ገብታ ጫማዋን አወለቀች። ትሕትናዋ ተናኘን ይበልጥ አስፈራት። ከማያ ጋር ለብቻዋ ለመነጋገር ጠየቀችና ሁለቱ መኝታ ቤት ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

ተናኘ ከሆስፒታል ጽዳት የመጣችበትን ዩኒፎርም እንኳ አልቀየረችም። ይዘዋት ከወጡ እንዳይበርዳት የማያን ጃኬት ከመስቀያው አወረደች። አሳልፋ የሰጠቻት መሰላትና መልሳ ሰቀለችው። ደግሞ አወረደችው።

ሠራተኛዋ ከመኝታ ቤቱ ስትወጣ አስተርጓሚ በስልክ አገኘችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"'እገልሻለሁ' ብለዋት ያውቃሉ?" አለ የአስተርጓሚው ድምፅ።

"ብያለሁ። እናቴም ትለኝ ነበር። የአፍ ልማድ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም።"

"መትተዋትስ ያውቃሉ?"

የተናኘ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ይቅርታ፣ አልተሰማኝም። ይድገሙልኝ።"

ማንም አልሰማትም። "አልመታኋትም" ብትል ማን ያውቅባታል? ቀና ስትል ማያ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየቻት።

"መትቻታለሁ" አለች። "ባለፈው ቅዳሜ፣ በቻርጀር ገመድ። እግሯ ላይ፣ ሁለቴ። ድብል፣ ሁለት ፈረቃ ሠርቼ ደክሞኝ ነበር… ቢሆንም መትቻታለሁ።"

ሠራተኛዋ ብዙ ጻፈች።

"ማያ ለዛሬ ከእርስዎ ጋር ትቆያለች" ሲል አስተርጓሚው የሠራተኛዋን ቃል አደረሰ። "ሐሙስ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አሁን ቃል ልገባልዎ አልችልም።"

በሩ እንደተዘጋ የተናኘ ስልክ ጠራ፤ ጽጌ ነበረች። አላነሳችውም። ማያ ፊት በርከክ አለች።

"ማሚ፣ ተቆጣሽኝ እንዴ?"

"ለመምህርሽ የነገርሻት እውነት ነው" አለቻት። "ሐሙስ ሴትየዋ ስትመጣም ልክ እንደዛው ንገሪያት።"