ሁለተኛው ጥያቄ

ባለቤቴ ሰው የሆነው የሰው አገር ከገባ በኋላ ነው። በሰፈራችን መካኒክ መሆኑን የሚያውቅለት መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ "የሰፊዋ ባል" ነው የሚለው። መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ የቁም መስታወት፣ ሠርግ ሲቃረብ ደግሞ ከሙሽራዋ በላይ የሚያለቅሱ ሚዜዎች። የገዛ ዘመዶቹ እንኳን ሊጠይቁት ሲመጡ "የሰፊዋ ቤት የቱ ጋ ነው?" እያሉ ነበር የሚደርሱት። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እንዴት እንደሚስቅ ልብ ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኖቼን ጨርቅ አልብሼ፣ ለእህቱ አደራ ሰጥቼ አልከተለውም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ የሽመና ማሽኖች ሊያስገባ ስላሰበ፣ አተካከላቸውንና አጠጋገናቸውን እየሠራ እንዲማር አንድ ትልቅ ፋብሪካ ላከው። ለሁለት ዓመት። ሚስት ይዞ መሄድ ይፈቀዳል ተባለ። "ይዞ" ነው ያሉት። እኔም እንደተያዝኩ ደረስኩ።

ፋብሪካው የተከራየልን ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ኩሽና። ከታች አከራያችን ይኖራሉ። ወንበር ስስብ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ሳልስብም ይደበድባሉ፤ ለነገው ይሆናል ብለው ይመስለኛል። በዕድሜ እናቴን ስለሚያክሉ፣ በልቤ ስሰድባቸው እንኳን አንቱ እያልኩ ነው። የጥጉ ባለ ሱቅ መልስ በእጄ አይሰጠኝም፤ ባንኮኒው ላይ ይበትነዋል፣ እኔ እለቅማለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ሌላው ሁሉ ካልሞላ አይያዝም። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር። ኋላ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ለመድኩ።

ባለቤቴ ግን አማረበት። ከመምጣታችን በፊት መሥሪያ ቤቱ ቋንቋውን አስተምሮታል። በየመንገዱ ሰላም ይባላል፤ ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል። እኔን "ዳቦ" ማለት እንኳን አላስተማረኝም።

"ምን ያጣድፍሻል? ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ። እኔ አለሁ አይደል?"

ጠዋት ሲወጣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለማንም በር እንዳትከፍቺ፣ ራቅ ብለሽ እንዳትሄጂ፣ ሰው ቢያናግርሽ ዝም በይ። ይኼኛውን ለማክበር አልተቸገርኩም። እሱ ከወጣ በኋላ እጄ ሥራ ፈልጎ ያሳክከኛል። የኩሽናውን መጋረጃ አውርጄ ጠርዙን ፈትቼ በእጅ መርፌ እንደገና ሰፋሁት። የሱሪዎቹን ጫፍ አሳጠርኩ፣ መልሼ አስረዘምኩ፣ ደግሞ አሳጠርኩ። አንድ ቀን ካልሲው እየታየ ሥራ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ፋብሪካው አዲሶቹን ማሽኖች ሲያስነሳ ቤተሰብም ተጠራ። ከሽመናው አዳራሽ ቀጥሎ ስፌት ክፍሉ አለ፤ አንሶላና ፎጣ ጠርዙ የሚሰፋበት። በመስኮቱ አየሁትና እዚያው ተተክዬ ቀረሁ። የክፍሉ ኃላፊ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መጥታ ከጎኔ ቆመችና ባለቤቴን አንድ ነገር ጠየቀችው።

"አንዲት ሠራተኛ ልትለቅ ነው። ሚስትህ ሰፊ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በቦታዋ ትገባልኝ ይሆን? ነው የምትለው" አለኝ፣ ጣሪያውን እያየ።

ልቤ ዘለለ። ዘለለ ተብሎ ግን ዘሎ እጅ መዘርጋት የለም፤ እንደዚያ አላሳደጉኝም። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ "አይ፣ ለምን ትቸገራላችሁ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ "ኧረ ምን ችግር አለው!" ትላለች፣ እኔም "እንግዲያው ካላችሁ" እላለሁ።

ባለቤቴ ተረጎመ። ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሌሎች እንግዶች ሄደች። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንደተሰጣ ቀረ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን አገር ስረግም ከረምኩ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አንዴ ጠይቆ ዞር! ውሻ እንኳን ሲጠሩት ሁለቴ ነው። ባለቤቴ ጥርሱን እየፋቀ ይሰማኛል። "እዚህ እንዲህ ነው፣ ልመጂው" ይላል።

ከዚያ አስጎብኚ መጣች። አስጎብኚ የሥራ ባልደረባው ሚስት ናት፤ ከእኛ ቀድመው ነው የመጡት፣ እሷም እዚያው ፋብሪካ ሻይ ክበብ ውስጥ ትሠራለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የመብራት ምሰሶ እንኳን ሳታብራራልኝ አታልፍም። እንደተቀመጠች ጀመረች።

"አንቺ እህቴ፣ ኩራትሽ ግን! ያን የመሰለ ሥራ ይገፋል?"

"ማን ገፋ? እነሱ አይደሉ እንዴ ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ የቀሩት!"

"እንዴት አልጠየቁም? እኔው ሻይ እየቀዳሁላቸው! ኃላፊዋ ሰኞ ዕለት ባልሽን ጠርታ፣ 'ሚስትህ አፍራ ይሆን? ድጋሚ ላናግራት ወይ?' አላለችውም?"

ስኒውን አስቀመጥኩ። "እሱስ?"

"'አንዴ ተናግራለች፤ ከእንግዲህ ባታስቸግሯት ይሻላል' አለ። እኔማ ተማክራችሁ መስሎኝ…" ፊቴን አይታ አቋረጠች። ደስም አላት። "ለማንኛውም ቦታው እስካሁን ሰው አልገባበትም። ልጅቷ የምትለቀው በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው።"

ስንት እርግማን በባዕድ ሰዎች ላይ አባክኜ ኖሯል፤ ባለመብቱ ማታ ማታ አጠገቤ እያንኮራፋ።

ማታ እራቱን ሳቀርብለት አልተቀመጥኩም።

"ኃላፊዋ ድጋሚ ጠይቃህ ነበር?"

"ማን ነገረሽ?"

"ጠይቃህ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

"'ይቅርብኝ' አላልሽም?" አለ፣ ጎርሶ። "ያልሽውን ነው የነገርኳት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም።"

"የእኔን 'ይቅርብኝ' አታውቀውም? ስታስጠይቀኝ አባቴ መጀመሪያ ምን አለ? 'አይሆንም' አላለም? ታዲያ ቃሉን አክብረህ ለምን አልቀረህም? ለምን ተመልሰህ መጣህ?"

"ያ ሌላ ነው!"

"ምኑ ነው ሌላ?"

"ያኔ የፈለግሁት እኔ ነኛ!"

ካፉ ካመለጠው በኋላ ራሱም ሰማው። ሳህኑን ገፋ።

"እስቲ ተዪኝ" አለ። "እስቲ ለሁለት ዓመት እንኳን የማንም ባል ሳልባል ልኑር።"

"የማንም ባል ሳትሆን? ይኼማ በጣም ቀላል ነው" አልኩት። "ሁለት ዓመትም አይፈጅም።"

ተነስቶ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ከታች መጥረጊያው ጣሪያውን መታ። አከራያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት አገኙ።

በማግስቱ እሱ ከወጣ በኋላ ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡሱን አውቀዋለሁ፤ ፋብሪካው የመጨረሻው ፌርማታ ስለሆነ ለመሳሳት እንኳን አይመችም። በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አቆመኝና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ጨምሬ ዝም አልኩ። ስልክ ደወለ፤ ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ በሥራ ቱታው፣ የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?"

"ገና ነው። ስፌት ክፍል ውሰደኝ።"

"አበድሽ? ተመለሺ። ሰው እያየን ነው።"

"ይየን። አስተዋውቀኝ ለሰዉ።"

የስፌት ማሽን ድምፅ ማንም እንዲተረጉምልኝ አያስፈልግም። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ፤ እሱ ከኋላዬ፣ ጥበቃው ከኋላው። ግርግሩን ሰምታ ኃላፊዋ ከክፍሉ ወጣች። ባለቤቴ ወዲያው ለውጭ ሰው የሚያወጣውን ፈገግታ አወጣ።

"ሥራውን እፈልጋለሁ በላት" አልኩት።

ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ሁለት ቃል ሰጥቼው ድርሰት አወጣበት። የኃላፊዋ ፊት እየራራ ሄደ፤ ትከሻዬን ቀስ ብላ ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ፣ ወንበር ሳበችልኝ፣ ለአንዷ ሠራተኛ ምልክት ሰጥታ ውሃ አስመጣችልኝ።

"ምን አልካት?"

"ያልሽውን።"

"ሥራ ለሚጠይቅ ሰው ውሃ አያጠጡትም። ምን አልካት?"

ጨርቁን ገልብጦ እጁን ጠረገ። በመስኮቱ በኩል ሴቶቹ ከማሽናቸው ቀና ብለው ያዩናል። ከሻይ ክበቡ በር ላይ ደግሞ አስጎብኚ፣ አንገቷ ከአካሏ ቀድሞ ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ። እሷን ከጠራሁ ባሌን እንደማላምነው በፋብሪካው ሁሉ ፊት ተናገርኩ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ የማያውቅ አይኖርም። እጄን ማንሳት ስጀምር ገባው።

"እንዳታደርጊው" አለ በለሆሳስ። ቀጥሎ፣ "እባክሽ።"

እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ የሰማኋት የመጀመሪያዋ "እባክሽ" ነበረች። ትንሽ ያዝ አደረገችኝ። አልዋሽም። ከዚያ በኃላፊዋ ፊት ላይ ያለውን ርኅራኄ አየሁና እጄን አነሳሁ።

"አንቺ! ነይማ፣ አስተርጉሚልኝ!"

አስጎብኚ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩጫ ደረሰች። በመጀመሪያ ባሌ ምን እንዳለ ጠይቂልኝ አልኳት። ኃላፊዋ ነገረቻት። አስጎብኚ አፏን በእጇ ያዘች፤ ለማዘን ይሁን ለመሳቅ አለየላትም።

"'አገሯ ናፍቋት አእምሮዋ ትንሽ ተረብሿል፣ የት እንዳለችም አታውቅ፣ ይቅርታ አድርጉልን' ነው ያለው።"

ባለቤቴ ግራሶውን መጥረግ ቀጠለ። እጁ ከጸዳ ቆይቷል።

"በያት" አልኩ፣ "የት እንዳለሁ አውቃለሁ። ስፌት ክፍል በር ላይ ነኝ። ሥራውን እፈልጋለሁ።"

ኃላፊዋ መነጽሯን አደረገችና አየችው። አንድ አጭር ነገር ተናገረችው። ጥበቃው ሳቁን በሳል አለፈው።

"ምን አለችው?"

"ተዪው" አለች አስጎብኚ። "በእኛ አፍ አያምርም።" ከዚያ ኃላፊዋን አዳምጣ፣ "ታዲያ ያኔ ለምን 'ይቅርብኝ' አልሽ? ትላለች።"

"ድጋሚ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር በያት።"

"'እኔም ጠይቄ ነበር፤ የማይሆን ሰው ጠየቅሁ እንጂ' ትላለች። አሁን አንቺን ራስሽን ልጠይቅሽ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ የለም ትላለች። ቦታው ላይ ትገቢያለሽ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ያን ሁሉ አዋርጄና ተዋርጄ፣ አንደበቴ አሁንም "አይ፣ ለምን ትቸገራላችሁ" ሊል ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

"አዎ" አልኩ።

በታላላቅ ሰዎች ፊት ሳልጋበዝ እጄን ድስት ውስጥ የከተትኩ ያህል ፊቴ ጋለ። ኃላፊዋ ግን ምንም አልመሰላትም። "ነገ ጠዋት" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ባለቤቴ ቀድሞን ሄዶ ነበር።

ማታ ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ። ሶፋው አጭር ስለሆነ እግሩ በክንዱ ማረፊያ ላይ ተሰቅሎ አደረ። ጠዋት ስወጣ የተኛ መሰለ፤ ማንኮራፋቱን ግን አበዛው፣ ስለዚህ እንደነቃ አወቅሁ። ፌርማታው ላይ ደረሰብኝና ከእኔ ራቅ ብሎ ምሰሶው ሥር ቆመ።

አስጎብኚ መጣች። አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ እኔን አየች። ሁሉንም ታውቃለች፤ ከአፋችን መስማት ነው የፈለገችው።

"ምነው እንዲህ ተራርቃችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለ ባለቤቴ ከምሰሶው ሥር፣ ያንኑ የውጭ ፈገግታውን አውጥቶ። "እኛ ምን ያጣላናል?"

"አዎ፣ ተጣልተናል" አልኩ እኔ።

አውቶቡሱ መጣ። እሱ በፊት በር ገባ፣ እኔ በኋላ በር። አስጎብኚ በሁለቱ በሮች መካከል ጥቂት ዋለለችና ወሬው ወዳለበት መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና "እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አለችኝ። ባለቤቴ ፊት ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮት መስኮቱን ያያል። ድምፄን ሳልቀንስ ጀመርኩላት።