እጁን መሰብሰብ ያልለመደ ሰው

የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል እንጂ ሐኪም አይደለም። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ወደ ሐኪሙ የሚደርሰው፣ ለበሽተኛው የሚስማማው ደም ተፈልጎ የሚገኘው፣ እሱና ሁለት ባልደረቦቹ በሚጠብቁት ሲስተም ነበር። ሆስፒታሉ ሥራውን ለሌላ ድርጅት አስተላልፎ ክፍሉን ከዘጋው ወዲህ ዐሥር ወር ቤቱ ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ዛሬም ደረጃው ላይ አስቁመው ጉልበታቸውን ያሳዩታል። አንዲት እናት እንዲያውም ምክሩ እንደ ፈወሳቸው ምለው ይናገራሉ፤ እሱ ግን ደረጃ አያብዙ ከማለት በቀር የመከራቸው ነገር አልነበረም።

ሚስቱ በልብስ ማጠቢያ ቤት ግማሽ ቀን ትሠራለች። ጠብ አትወድም። በወሩ መጀመሪያ ግን በሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ለእሷና ለሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ሁለት ክፍል እንዳስለቀቀላቸው ነገረችው። ስለ እሱም ወንድምየው ሳያፍር ተናግሯል፤ እኅቴንና ልጆቿን እሸከማለሁ፣ ጎልማሳ ተቀማጭ ግን አልሸከምም ብሏል። ይህን ስትነግረው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ወሩ እስኪያልቅ እጠብቅሃለሁ» አለችው። «ከዚያ በኋላ የምጠብቀው ልጆቼን ነው።»

ለጊዜው ነው፣ ሥራ ስታገኝ እንመለሳለን አለች። እሱ ግን «ለጊዜው» የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። የገዛ አባቱ ለጊዜው ብሎ ሄዶ ነው የቀረው።

ሥራ ከአገር አልጠፋም። ባንኮች የኮንትራት ባለሙያ ይፈልጉ ነበር፤ የሚዘረዝሩትም ሥራ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን ነበር። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ መጨረሻ አንዲት መስመር ትከተላለች፦ በባንክ ዘርፍ ቢያንስ አምስት ዓመት የሠራ። ሰባት ጊዜ አመለከተ፤ ሰባቱንም ጊዜ መልስ የሚሰጠው ጠፋ። በስምንተኛው ለባንኩ ባለሙያ ለምታቀርበው ወኪል ደወለና፣ በሆስፒታል ሰርቨርና በባንክ ሰርቨር መካከል ያለውን ልዩነት እንድታስረዳው ለመናት። ልዩነቱን እንደማታውቅ በትሕትና ነገረችው። ባንኩ በሰጣት ቅጽ ላይ ግን አንድ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ወረቀቱን ወደ ፊት እንዳታሳልፍ ታዛለች። የሚጠይቋትን ትጠይቃለች፤ ሌላ የምታውቀው የለም።

በማግሥቱ ወደ አብሮ አደጉ ሄደ። አብሮ አደጉ ሃያ ሁለት ዓመት ባንክ ቤት የሠራ፣ ቀልድ የማይለየው ሰው ነው።

«የደም ባንክ ውስጥ ሠርተህ የለም እንዴ?» አለው። «ባንክ ባንክ ነው። ያኛውማ እንዲያውም ያለ ወለድ ነው የሚሰጠው።»

«አትቀልድብኝ፤ ልጆቼ ሊሄዱብኝ ነው።»

አብሮ አደጉ ቀልዱን ተወ። ከብዙ ዓመት በፊት ከሌላ ባንክ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ የጠፋ አንድ ትንሽ ባንክ እንደ ነበረ አስታወሰው። ሕንፃው ዛሬ ጫማ መሸጫ ሆኗል፤ ሠራተኞቹም ተበታትነዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። እዚያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ ብትል ማን ያስተባብልሃል አለው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ ከሆስፒታሉ ዘመን ስድስቱን ዓመት ቆርጦ ለሞተው ባንክ ሰጠ።

ወኪሏ ወረቀቱን ባገኘች በሁለተኛው ቀን ለቃለ መጠይቅ ጠራችው። በቀሩት አራት ቀኖች አብሮ አደጉ የባንክን ቋንቋ አስተማረው፤ ቀኑ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ቅርንጫፍና ዋና መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚተያዩ፣ የትኛው ሪፖርት ለማን እንደሚሄድ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በመጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ። እሱም ሁሉን በካርድ ላይ ጽፎ ለትልቋ ልጁ ሰጣት፤ እሷም ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ትጠይቀዋለች። ሲሳሳት «አባዬ፣ አልተጠናም፤ ወደ ቦታህ ተመለስ» ትለዋለች በመምህሯ ድምፅ። አብሮ አደጉ የተማረውን ሁሉ አስተማረው። የለመደውን ግን አላስተማረውም፤ ልምድ እንደ ትንፋሽ ነውና ባለቤቱ መኖሩን አያስተውለውም።

ሐሙስ ጧት በአራት ሰዓት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። የክፍሉ መስኮት የማይከፈት መስታወት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የሲስተም ኃላፊዋ ተቀምጠዋል፤ ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። በስተቀኛቸው አንድ ወጣት ኦዲተር ይጽፋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መልካም ነበር። ስለ ሞተው ባንክ ሲጠይቁት ዐይኑን በጨው አጥቦ መለሰ። ስለ አሮጌው ሲስተም አንድ ቀልድ ጣል ሲያደርግ ኦዲተሩ ሳቀ። በዚህም ጊዜ ክፉ ነገር ደረሰበት፤ ውሸቱ ጣፈጠው። እነዚያን ስድስት ዓመታት በእርግጥ የኖራቸው መሰለው።

ከዚያም ኃላፊዋ መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ነገር እንዲያስብ ጠየቁት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የካርድ ማሽኖች በሙሉ ቆመዋል፤ ሰው በየሱቁ ተሰልፏል። ስሕተቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር እንደ ሆነች እርስዎ አይተዋል፤ ማረምም ይችላሉ። አብሮዎት ሊያጸድቅ የሚገባው ሰው ስልክ አያነሣም።

«ምን ያደርጋሉ?»

ይህ ጥያቄ በካርዱ ላይ አልነበረም። ሊኖርም አያስፈልግም፤ መልሱን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲኖረው ኖሯል። አንድ ቀን የደም መዝገቡ ሲቆም፣ ነርሷ ከኋላው ቆማ ስትጸልይ፣ አለቃውን ሳይጠብቅ በገዛ እጁ አስነሥቶታል። በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነው።

«ወዲያው አርመዋለሁ» አለ። «ከዚያ አሳውቃለሁ።»

ኦዲተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ብቻዎን?» አሉ ኃላፊዋ።

ሰውዬው ያደነቁት መሰለው። «ሦስት ደቂቃ አይፈጅብኝም» አለ።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ገለበጡና መልሰው ገለበጡት። «ባንክ ቤት ሠርተው አያውቁም፤ አይደል?» አሉት፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ሊክድ ይችል ነበር። አፉን ከፈተ፤ ግን ከአፉ የወጣው «አላውቅም» የሚል ቃል ነው። የት እንደ ሠራም ተናገረ፤ ስለ ነርሷም ተናገረ። ኃላፊዋ እስኪጨርስ አዳመጡት። እነርሱ ጋ የጀመረ ጀማሪ እንኳ ያን መልስ እንደማይመልስ ነገሩት። ዓለም ቢገለበጥ ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ካልመጣም ማሽኑ ቆሞ ያድራል፤ ብቻውን የነካ ሰው ግን ያዳነው ምንም ያህል ቢሆን በዚያው ቀን ይሰናበታል።

«ልምድ ስንል ችሎታ ማለታችን አይደለም» አሉ። «ችሎታ ያለው ሰው ሞልቷል። የምፈልገው እጁን መሰብሰብ የለመደ ሰው ነው። ይህንንም በማስታወቂያ ላይ እንዴት ብዬ ልጽፈው?»

«ሆስፒታሉን ብቻ ጽፌ ብመጣ ኖሮስ?»

አሰቡበት። ከሐሰት ዝምታ ይሻላል የሚሉ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ሆኖም መለሱለት። «ወረቀትዎ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።»

«ታዲያ በየት በኩል ልግባ?»

«እሱን አላውቅም፣ ወንድሜ።»

በዚህን ጊዜ ክብሩን ጣለ። አንድ ወር ያለ ደመወዝ ልሥራ አለ። ምንም ሳልነካ ከሰው ኋላ ተቀምጬ ልይ አለ። እጄን ለመሰብሰብ አንድ ሳምንት ይበቃኛል፤ ወሩ ቅዳሜ ያልቃል፣ ልጆቼ ሊሄዱብኝ ነው አለ፤ ይህንንም ሲናገር ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር። ኦዲተሩ ወደ መስታወቱ ዞረ። ኃላፊዋ ግን ፊታቸውን አላዞሩም።

«የማያውቅን ሰው አስተምራለሁ» አሉ። «እዚህ ሁሉም ሰው የሚይዘው የፓስወርዱን ግማሽ ነው። ግማሹን በሐሰት ለገባ ሰው ሰጥቼ፣ ሌላውን ግማሽ የያዘችውን ልጅ ምን ብዬ አብረሽው ሥሪ ልበላት?»

ሰውዬው የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቅቆ ተነሣ። ፍርዱ ትክክል መሆኑ ደግሞ ከሁሉ የከፋበት ነገር ነው፤ የተበደለ ሰው ቢያንስ ቂሙን ይዞ ይሄዳል።

ሚስቱ ከሥራ ተመልሳ የልጆቹን ልብስ አልጋ ላይ ታጥፍ ነበር። ፊቱን አይታ እጇን አቆመች። ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ የሞተውን ባንክ እስከ ዛሬ ደብቋት ነበርና እሱንም ነገራት።

«ዋሽተህ ነው የገባኸው?»

«አዎ።»

«ውሸቱን ደርሰውበት ነው የጣሉህ?»

«አልደረሱበትም ነበር። የጣለኝ በእውነት የመለስኩት ነው።»

ነገሩን ልታመዛዝነው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ልጆቹ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ፤ ትልቋ ደግሞ ገና ከበሩ ሳትገባ ካርዶቹ ስንቱን እንደ መቱለት ትጠይቀዋለች። ሚስቱም ለልጅቷ የትኛውን ልንገራት ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ወለሉን ተመለከተ። አንድ ቀን እንኳ ጨምሪልኝ ሊላት አሰበ፤ ነገር ግን በዚያች ቀን ምን እንደሚያደርግባት ራሱን ቢጠይቅ አጣ።

ሚስቱ ስልኳን አንሥታ ለወንድሟ ደወለች። ስለ መኪናው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ወረቀት ተነጋገሩ። ከዚያ ወንድምየው አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም ጀርባዋን ወደ ባሏ አዞረች።

«ሦስት ነን» አለች።

ሰውዬው ተነሥቶ መፍቻውን ከመሳቢያው አወጣና የልጆቹን አልጋ መፍታት ጀመረ።