ለዘር የተቀመጠው አውራ

ልብስ ሰፊዋ አክስቷን አስታማ የተመለሰች ዕለት፣ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ጆሮዋን የመታው ዝምታው ነው። ሌላ ጊዜ የበሩ ማጠፊያ ገና ሲጢጥ ሲል አውራ ዶሮዋ ከሽቦው ወዲያ ሆኖ ግቢውን በጩኸት ያናውጠው ነበር። አሁን ሴቶቹ ዶሮዎች ብቻ መሬት እየጫሩ ያጉረመርማሉ። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። ቆጡን አየች፣ ከመኖው ገንዳ ጀርባ አየች። የለም። ከኩሽናው ጀርባ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ክዳን ስታነሳ ግን ጫፉ የጠቆረ ቀይ የአንገት ላባ በእፍኝ በእፍኝ ተጣብቆ አገኘችው።

ከእግር ጥፍሯ የተነሳ እሳት ሽቅብ ወጥቶ ጆሮዋን አጋላት።

"ማነው ያረደው?"

የወንድሟ ሚስት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና ብቅ አለች። በርሜሉ ተከፍቶ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እትዬ ሙች፣ እኔ ነግሬዋለሁ። ይሄኛውን አትንካ፣ ለዘር የተቀመጠ ነው ብዬዋለሁ። እሱ መች ሰው ይሰማል?"

እሱ ማለት የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ነው። የሰፈሩ ሰው "ሊቀመንበር" ይለዋል፤ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ መሃል ገብቶ ስብሰባ ካልመራሁ ስለሚል። ከወላጆቻቸው በወረሱት ግቢ እሱ ከነሚስቱ በፊት ለፊቱ ቤት፣ እሷ ደግሞ ከነስፌት መኪናዋ በጓሮ ባሉት ክፍሎች ይኖራሉ።

ለአንድ ዶሮ ይሄ ሁሉ ቁጣ ምንድነው የሚል ሰው፣ ያ አውራ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ የቀሩ ዝንጉርጉር ዶሮዎች ነበሯት። ጠንካሮች ናቸው፤ በሽታ በቀላሉ አይደፍራቸውም፣ እንቁላላቸውን ራሳቸው ታቅፈው ይፈለፍላሉ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቻቸውን ሰብስበው እጥፍ ይላሉ። ግን ደረታቸው እንደ ቢላዋ ስል ነው፤ ዓመት ሙሉ ቀልበው ቢያርዷቸው ለሁለት ሰው እንኳ በወጉ አይበቁም። ተናዳ አንድ ጊዜ ከእርባታ ድርጅት ነጫጭ የሥጋ ጫጩቶች ገዛች። እነዚያ ደግሞ በልተው የማይጠግቡ ሆኑ። በጥቂት ሳምንት እንደ ትራስ አበጡ፤ ከዚያ እግራቸው አልሸከም ብሏቸው መኖው ላይ ተዘርፍጠው ይውሉ ጀመር። ሙቀቱ ጠና ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ግማሾቹ በተቀመጡበት አፋቸውን ከፍተው ሞቱ። እሷም የሞቱትን በጆንያ እየሰበሰበች፣ "ከእንግዲህ የምበላውን ዶሮ ራሴ እሠራዋለሁ" አለች።

ሠራችውም። ጎረቤቷ ጡረተኛው ሾፌር ከአባቱ የወረሰው ደረተ ሰፊ፣ ከባድ፣ ግን እድገቱ ዘገምተኛ የሆነ የዶሮ ዘር ነበረው። የእሱን አውራ ከእናቷ ሴት ዶሮዎች ጋር አዳቀለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ያማሩ ወጡ። የእነሱ ልጆች ግን ብትንትናቸው ወጣ፤ አንዱ ቁርጥ አያቱን፣ አንዱ እሾህ የመሰለ፣ አንዱ ማንንም የማይመስል። እሷ ተስፋ አልቆረጠችም። የእያንዳንዱን ደረት በመዳፏ እየለካች፣ አረማመዱን እያየች፣ ቀጫጫውንና ተደባዳቢውን ወደ ድስት፣ ደህናውን ወደ ዘር ስትለይ፣ ወንድምና እህት እንዳይገናኙ በሽቦ ስትከፋፍል ስድስት ዓመት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ልፋት ያ አውራ ወጣ። በአራት ወሩ ለድስት የደረሰ፣ ደረቱ መዳፍ የሚሞላ፣ ያም ሆኖ እንደ ልቡ የሚሮጥና ቆጥ ላይ የሚዘል። ከሴቶቹ ጋር ካገናኘችው ገና ብዙ አልቆየም ነበር።

ሊቀመንበር ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"አውራዬን ምን አደረግከው?"

"እትዬ! እንኳን በደህና መጣሽ። አክስቴ እንዴት ሆኑ?"

"አውራዬን ነው የጠየቅኩህ።"

"አይ እሱ ... የመሥሪያ ቤት ኃላፊያችን ከነባለቤታቸው ምሳ መጡ። ድንገት ነው እኮ። ታዲያ ምን ላብላቸው?"

"በወዲያኛው ሽቦ ውስጥ ለመታረድ የተለዩ ጎረምሳ አውራዎች ሞልተዋል። በፈለግክ ጊዜ ውሰድ ብዬሃለሁ። በዚህ አፌ ብዬሃለሁ!"

"እነሱ ትንንሽ ናቸዋ። ለክቡር እንግዳ ትንሽ ይታረዳል? ደግሞ አንቺስ የምታረቢው ለሥጋ አይደል? ይኸው ሥጋ ሆነ።"

"ትልቅ የሆነው ለምን ይመስልሃል?" ድምጿ ተሰነጠቀ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ትንሹን እየበላሁ ትልቁን ሳስቀር ስለኖርኩ ነው! አንተ መጥተህ ከትልቁ ጀመርክ!"

"በቃ፣ ሌላ አውራ እገዛልሻለሁ።"

"ከየት? እስቲ ንገረኝ፣ ከየትኛው ገበያ?"

ሊቀመንበር ሳቀ። "ለአንድ ዲቃላ ዶሮ ብለሽ ወንድምሽን ልትበይው ነው" አለ። ያ ሳቅ ነው የባሰባት። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን በላዩ ላይ ጠረቀመችው። የጀመረችውን ቀሚስ ልትሰፋ ብትቀመጥ መርፌው ሁለቴ ተሰበረ።

በማግስቱ ሾፌሩ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ዛሬም መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ነው የሚያወራው።

"ያንተም አውራ ዘር ጠፋ ማለት ነው" አለችው። "አልቅሼ እንኳን አልወጣልኝም።"

"ኧረ ቆዪ እቴ፣ ሴቶቹ አሉ አይደል? ሌላ አውራ ቀርቧቸዋል?"

"ማንም አልቀረባቸውም።"

"እንግዲያው ዘሩ ገና በሆዳቸው ነው። ከአውራው ከተለዩ በኋላም ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ የሚጥሉት እንቁላል ፍሬ ይኖረዋል። ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንቁላል እንዳይበላ።"

ይህን ራሷም ታውቀው ነበር፤ ንዴት አሳውሯት እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላሉን ገና ትኩሱን እየለቀመች ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋ በመሶብ አስቀመጠች፤ መታቀፍ ያማራቸውን ሁለት ዶሮዎች መርጣም አስታቀፈቻቸው። ሰንብታ በጨለማው ጓዳ እንቁላሎቹን በእጅ ባትሪ ስታያቸው በብዙዎቹ ውስጥ ቀያይ ክሮች ተዘርግተዋል። ያኔ እንባዋ መጣ። ግን እያለቀሰችም ወንድሟን ትረግመው ነበር።

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ግቢውን ማተራመስ በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ የዕረፍት ቀን ሊቀመንበር ኃላፊውን አስከትሎ ወደ ጓሮ ዘለቀ። ኃላፊው ጫማቸው እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቁ የሚራመዱ፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው።

"የዚያን ዕለቱን የመሰለ ዶሮ በልቼ አላውቅም" አሏት። "ወንድምዎ ዘሩን ራሱ ዓመታት ፈጅቶ እንዳዳቀለው ሲያጫውተን ተደነቅን። ጥቂት ጫጩት ባገኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያይ ጀመር።

"ወንድሜ አዳቀለው?"

"እትዬ፣ ያው የቤታችን ነው ለማለት ..." ብሎ ሊያለዝበው ሞከረ።

"ዓይንህን በጨው ታጠብክ!" ወደ ኃላፊው ዞረች። "ጌታዬ፣ ወንድሜ እንኳን ዶሮ ሊያዳቅል መኖ በትኖላቸው አያውቅም። እርስዎ የበሉት የእነዚህን ጫጩቶች አባት ነው። ለዘር ያስቀመጥኩት ነበር። እኔ በሌለሁበት፣ ሚስቱ አትንካ እያለችው አረደው።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። "እኛ እኮ አላወቅንም" አሉ ቀስ ብለው።

"እርስዎ ከየት ያውቃሉ? ያወቀው እሱ ነው።"

"ጫጩቱን ... እንግዲህ ሌላ ጊዜ።"

"ሌላ ጊዜም የለኝም" አለች። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ግን የዚያን ቀን ጨዋነት የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣ አላት።

ኃላፊውን ሸኝቶ ሲመለስ የወንድሟ ፊት ደም መስሎ ነበር። "በአለቃዬ ፊት አዋረድሽኝ! ምን ነበረበት ዝም ብትይ?"

"ዶሮውንስ እሺ፣ ስተህ ነው ልበል። ሥራዬንስ የራስህ አድርግ ብዬ ሰጥቼሃለሁ? ጥፍሬ ሥር እበት ገብቶ፣ በዝናብ በፀሐይ የለፋሁበትን 'እኔ ነኝ' ብለህ ቁጭ! መጀመሪያ በጥርስህ በላኸው፣ አልበቃህ ብሎ በምላስህ ደገምከው።"

ሚስቱ በኩሽናው በር ቆማ ትሰማ ነበር። "እውነቷን ነው" አለች። ሊቀመንበር ሁለቱንም በየተራ አየና ውልቅ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በአንድ ግቢ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። በዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ አንዱን መክፈቻ ለወንድሟ ሚስት ሰጠቻት። ጫጩቶቹ አደጉ። ሲያድጉ ግን እንደ አባታቸው የሆነ አልተገኘም። አንዱ ደረቱን ወርሶ እግሩ ወልገድ ይላል። ሌላው እግሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ደረቱ ግን የሴት አያቶቹ ነው። ከሁሉም ለአባቱ የሚቀርበውን አንዱን መረጠች፤ እሱም ቢሆን ገና ሁለት ሦስት ትውልድ ይቀረዋል። እርጅናዋን አስባ በብስጭት መኖ መስፈሪያውን ወረወረችው፤ ከዚያ ሄዳ አነሳችው።

የተረፉትን ጎረምሶች ያረደች ቀን ሁሉም በፊት ለፊቱ ቤት ገበታ ላይ ተገናኙ፤ ሾፌሩም ተጠርቷል። ድስቱን ይዛ ያደለችው ራሷ ናት። ለወንድሟ ሚስት ደረቱን፣ ለሾፌሩ ታፋውን አወጣች። በወንድሟ ሳህን ላይ የዶሮውን አንገት አስቀመጠች።

ሊቀመንበር ሳህኑን ትንሽ አፍጥጦ አየው። ከዚያ አንገቱን እንደደፋ፣ "እትዬ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ይቅር በይኝ" አለ። እንዲህ ሲል የሰማው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ሚስቱ እንኳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሰምቼሃለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?"

"አላልኩም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

እሱም በላ። አጥንቱን አንድ በአንድ እየጋጠ፣ ተጨማሪ ሳይጠይቅ በላ።