ሦስት ቀን ዝም ካሉ

የሆስፒታላችንን አርባ አንድ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች የማዘምነው እኔ ነኝ። አዲስ ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራም ማሻሻያ፣ በመጣ ቁጥር ሁሉም ላይ በአንዴ አልጭንም፤ መጀመሪያ አንዱ ላይ ጭኜ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ፣ ቅሬታ ካልመጣ ለአርባዎቹ እለቃለሁ። ጥንቁቅ ነኝ እያልኩ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ።

መሞከሪያዬ የመድኃኒት ክፍሉ ኮምፒውተር ነበር። ለምን ቢባል፣ እዚያ የሚሠሩት እትዬ አይነዘንዙም። የካርድ ክፍሏ ልጅ ስክሪኗ ላይ አንዲት ምልክት ቦታ ከቀየረች ሕንፃውን ቀውጢ ታደርገዋለች፤ የሒሳብ ሹሙ ሲደውል ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማው። እትዬ ግን ለጡረታ ስምንት ወር እስኪቀራቸው ድረስ አንድም ቀን ደውለውልኝ አያውቁም። እወዳቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የምወደው ዝምታቸውን ነው።

ባለፈው ወር የፕሪንተሩን ፓኬጅ እሳቸው ጋ ጫንኩ። የመድኃኒት ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የመጨረሻ መስመሩ ተቆርጦ መውጣት ጀመረ። በሽተኛው የማይስማማው መድኃኒት የሚጻፈው እዚያ መስመር ላይ ነው። እትዬ በመጀመሪያው ቀን አዩት፤ እስክሪብቶ አነሱና እያንዳንዱን ወረቀት በእጃቸው ይሞሉ ጀመር። ሦስት ቀን አለፈ፣ ስልኬ አልጮኸም። መዝገቤ ላይ «ተሞክሯል፣ ቅሬታ የለም» ብዬ ጻፍኩና ለሁሉም ለቀቅኩት።

ተኝቶ መታከሚያ ክፍሎቹ ወረቀታቸውን የሚያትሙት ራሳቸው ናቸው። በማግስቱ አንዲት ነርስ ወረቀቱን ተማምና ለአንዲት የሁለት ልጆች እናት የማይስማማትን መርፌ ወጋቻት። ሴትዮዋ ጉሮሮዋ አብጦ ሁለት ቀን በማሽን ስትተነፍስ ቆየች። ተርፋለች፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጉዱን እንደሰማሁ ደሜ ፈልቶ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወረድኩ። እያዩ እንዴት ዝም ይላሉ ብዬ ጮህኩባቸው። እትዬ የእሳቸው ፕሪንተር አርጅቶ እንደመሰላቸው፣ እኔንም በሥራ ስዋከብ እያዩ ለአንድ መስመር ማስቸገሩን እንዳልወደዱት ነገሩኝ።

«እርስዎ ዝም ሲሉ አይደል እንዴ ለሌላው የምለቀው?» አልኩ።

«ይሄን መቼ ነገርከኝ ልጄ?»

ለካ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለታችንም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራን። ዳይሬክተሩ መዝገቤን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የዚህ ጥፋት ባለቤት ዛሬውኑ ከሥራ እንደሚሰናበት ነገሩን። እትዬ ከእኔ ቀድመው፣ መስመሩ መቆረጡን ማየታቸውንና ለማንም አለመናገራቸውን አመኑ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «መሞከሪያው የእሳቸው ኮምፒውተር መሆኑን ነግረሃቸዋል?»

የቤት ኪራዬ ታየኝ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ታየኝ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

«አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ሁለት ቃል ብቻ ቢናገሩ የምሰናበተው እኔ ነበርኩ። ዝም ብለው የክፍላቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።